ገበያ ሲቀዘቅዝ ጌም ሠሪዎች የት ይገባሉ?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቴክሳሷ ዳላስ፣ የኤንሴምብል ስቱዲዮ ሠራተኞች ከባለቤታቸው ከማይክሮሶፍት መርዶ ደረሳቸው። «ሄሎ ዋርስ» የተባለውን ጌም ሠርተው እንደጨረሱ ስቱዲዮው ይዘጋል ተባሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ሰዎች በመላው ዓለም የተወደደውን «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» የሠሩ፣ በሙያው የተከበሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን ማስተዳደር ወጪው እንደከበደው ገለጸ፤ እስከ መጨረሻው ለሚቆዩትም ማበረታቻ ክፍያ አቀረበ። ከመርዶው ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሌማን ብራዘርስ ባንክ ከሰረና የዓለም ኢኮኖሚ ተናጋ። ሠራተኞቹ ከሥራ እንደሚወጡ እያወቁ ጌሙን አጠናቀቁ። በጃንዋሪ 2009 ስቱዲዮው ተዘጋ፤ በዚያው ወር ማይክሮሶፍት በአጠቃላይ እስከ 5,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ። «ሄሎ ዋርስ» ለገበያ የበቃው ሠሪዎቹ ከተበተኑ በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን የጌም ንግድን የኢኮኖሚ ቀውስ አይነካውም የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር። እምነቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሰው ኪሱ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚተወው ጉዞውንና ምግብ ቤቱን ነው። በ60 ዶላር የተገዛ አንድ ጌም ግን ቤት ቁጭ አድርጎ ለሳምንታት ያጫውታል። እንዲያውም በ2008 የአሜሪካ የጌም ሽያጭ ከ21 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ክብረ ወሰን ሰብሯል። በቀጣዩ ዓመት ወደ 19.7 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ጄኔራል ሞተርስን የሚያህል ኩባንያ ከስሮ ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ፍርድ ቤት በሄደበት ዓመት፣ ስምንት በመቶ ግድም ቅናሽ ቀላል ይመስላል።

ሠራተኛው ላይ ግን ቀላል አልነበረም። ግዙፉ የጌም አሳታሚ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2008 መጨረሻ 1,000 ያህል፣ በ2009 መጨረሻ ደግሞ 1,500 ያህል የሥራ መደቦችን ለመሰረዝ ወሰነ። የ«ሞርታል ኮምባት» ባለቤት የነበረው ሚድዌይ በፌብሩዋሪ 2009 ከሰረ።

ሽያጩ ያን ያህል ሳይወድቅ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ተባረረ? መልሱ ጌም በሚሠራበት መንገድ ላይ ይገኛል። ትልቅ ጌም እንደ ቡና ችግኝ ነው፤ ምርት እስኪሰጥ ድረስ ለዓመታት ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከቀረቡ የሶኒ ሰነዶች እንደታየው፣ «ሆራይዘን ፎርቢድን ዌስት» የተባለው ጌም አምስት ዓመት፣ 212 ሚሊዮን ዶላርና 300 ያህል ሠራተኞች ጠይቋል። ከወጪው አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ የፕሮግራመሩ፣ የሠዓሊው፣ የአኒሜተሩ፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ጌሙን ደጋግሞ እየተጫወተ ስህተት የሚለቅመው የሞካሪው። የጨርቅ ፋብሪካ ገበያ ሲቀዘቅዝበት የሚገዛውን ጥጥ ሊቀንስ ይችላል። ስቱዲዮ የሚቀንሰው ጥሬ ዕቃ የለውም፤ የሚቀንሰው ሰው ነው።

ያን ሁሉ ዓመት ደመወዝ የሚከፍለው ገንዘብ የሚመጣው ከአሳታሚ ኩባንያ፣ ከባለሀብት ወይም ከብድር ነው። የብድር ወለድ ዝቅተኛ ሲሆን ባለሀብቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ትርፍ ይታገሣል። ወለዱ ሲወጣ ግን ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ወይም የመንግሥት ሰነድ ገዝቶ ያለ ስጋት ማትረፍ ስለሚችል፣ ገና ያላለቀ ጌም ላይ ማፍሰሱን ይተወዋል። ተጫዋቹ እየገዛና እየተጫወተ ሳለ ስቱዲዮ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1983 የሰሜን አሜሪካ የጌም ገበያ ሲወድቅ የሆነው ከዚህ ይለያል፤ ያኔ የሸሸው ራሱ ገዢው ነበር። ገበያው ጥራት በጎደላቸው ጌሞች ተጥለቀለቀ። የአታሪ ኩባንያ ለ1982 ገና በዓል ለማድረስ ሲል «ኢ.ቲ.» የተባለውን ጌም በአምስት ሳምንት ብቻ አሠራ፤ ያልተሸጠው ካርትሪጅም ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በሚገኝ የቆሻሻ መጣያ ተቀበረ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሰሜን አሜሪካ የጌም ሽያጭ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ። ያገገመው ከ1985 ጀምሮ የጃፓኑ ኔንቴንዶ ከገባ በኋላ ነው።

ወደ ኤንሴምብል ስንመለስ፣ ሰዎቹ ያለፉበት መንገድ የዚህን ሙያ ኑሮ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። መዘጋቱ ሳይታወጅ በፊት የለቀቁ ሁለት ወንድማማቾች ኒውቶይ የተባለ ትንሽ ድርጅት አቋቁመው በ2009 «ወርድስ ዊዝ ፍሬንድስ» የሚል የስልክ ጨዋታ አወጡ፤ በ2010 የፌስቡክ ጌሞች ሠሪው ዚንጋ ድርጅታቸውን ገዛው። ከተበተኑት መካከል ሌሎቹ ሮቦት ኢንተርቴይንመንትን መሠረቱ፤ «ኦርክስ መስት ዳይ» የእነሱ ሥራ ነው። ሦስተኛው ቡድን ቦንፋየር የተባለ ስቱዲዮ ከፈተ። እሱንም ዚንጋ ገዛውና የዳላስ ቅርንጫፉ አደረገው፤ ቡድኑም ለፌስቡክ ተጫዋቾች «ካስትልቪል»ን ሠራ።

ኑሮው ግን አልረጋም። ተጫዋቹ ከፌስቡክ ወደ ስልክ ሲፈልስ ዚንጋ በጁን 2013 ወደ 520 ሠራተኞች አሰናበተና የዳላስ ቢሮውን ዘጋ። ከዚያ የወጡት እንደገና ተሰባስበው ቦስ ፋይት የተባለ ስቱዲዮ አቆሙ። በ2022 ኔትፍሊክስ ገዛቸው፤ በኦክቶበር 2025 ዘጋቸው። ከኤንሴምብል ጀምሮ አብሮ የመጣ ባለሙያ በ17 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የሥራ ቦታው ተዘግቶበታል ማለት ነው። ሁሉም በኢኮኖሚ ቀውስ የመጣ አይደለም፤ የባለቤት ፍላጎት መቀየርም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ቀውስ የሚጨምረው ነገር ቢኖር ሌላው በር ሁሉ በአንድ ጊዜ መዘጋቱ ነው።

ከ2022 በኋላ የታየው ይኸው ነው። በኮሮና ወቅት ዓለም ቤቱ ተቀምጦ ሲጫወት ኩባንያዎቹ ያ ፍላጎት የሚዘልቅ መስሏቸው ሠራተኛ በብዛት ቀጠሩ፤ ስቱዲዮም ገዙ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሽያጭ ቀዘቀዘ። በዚያው ላይ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ለዜሮ የተቃረበውን ወለድ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ጊዜ ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። ስቱዲዮ ሲሰበስብ የከረመው የስዊድኑ ኤምብሬሰር ይጠብቀው የነበረ የ2 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት በ2023 ሲፈርስበት፣ 30 ዓመት የሠራውን ቮሊሽንን ዘጋ። የ«ፎርትናይት» ባለቤት ኤፒክ 830 ያህል ሠራተኞች ሲያሰናብት፣ ኃላፊው ኩባንያው ከሚያገኘው በላይ ሲያወጣ መቆየቱን ለሠራተኞቹ በጽሑፍ ነገራቸው። የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር አቅራቢው ዩኒቲ በ2024 መጀመሪያ 1,800 ያህል፣ ማለትም ከሠራተኞቹ ሩቡን ቀነሰ። ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር በገዛ በሦስት ወር ጊዜ 1,900 የጌም ሠራተኞችን አሰናበተ።

ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም። መጀመሪያ የሚነካው በኮንትራት የተቀጠረው ሞካሪ ነው፤ ውሉን አለማደስ ብቻ ይበቃል። ቀጥሎ አዲስ ተመራቂው አለ። የአሥር ዓመት ልምድ ያለው ሰው ሥራ ፈትቶ ለዝቅተኛው መደብ ሲወዳደር፣ ለጀማሪ የሚተርፍ ቦታ የለም። በኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ አሜሪካ የገባ ባለሙያ ደግሞ ሥራው ከተቋረጠ በኋላ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም ከአሜሪካ ለመውጣት ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው።

ሌላ አማራጭ እንዳለ ኔንቴንዶ አሳይቷል። «ዊ ዩ» የተባለው መጫወቻው ገበያ ባጣ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ ሠራተኛ መቀነስ ለአጭር ጊዜ ሒሳቡን ቢያሳምርም የሠራተኛውን ሞራል እንደሚሰብርና እባረራለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው ሌላውን የሚያስደስት ጌም መሥራት እንደሚቸገር ለባለአክሲዮኖች አስረዳ። በ2014 መጀመሪያም የራሱን ደመወዝ ለአምስት ወራት በግማሽ ቀነሰ። በጃፓን ሠራተኛ ማሰናበት በሕግ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ኩባንያውም የተጠራቀመ ገንዘብ ነበረው። ቢሆንም ያልተበተነው ቡድን በ2017 «ስዊች»ን አወጣ፤ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

በክፉ ጊዜ የሚወለድም አለ። የፊንላንዱ ሮቪዮ ለኪሳራ ተቃርቦ ሳለ በ2009 «አንግሪ በርድስ»ን አወጣ። ከትልቁ የጌም ኩባንያ ከዩቢሶፍት ወጥተው በፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ሳንድፎል የተባለ ስቱዲዮ ያቋቋሙ ሰዎች ከ30 ያህል ባልደረቦችና ከውጭ አጋዦች ጋር የሠሩት «ክሌር ኦብስኩር፦ ኤክስፔዲሽን 33» በኤፕሪል 2025 በወጣ በሦስት ቀን አንድ ሚሊዮን ቅጂ ሸጠ። እነዚህን እያነሱ ለተባረረ ሰው «አንተም የራስህን ክፈት» ማለት ግን ተገቢ አይደለም። ሳንድፎል ዓመታት የሚያሠራ ገንዘብና አሳታሚ ነበረው፤ የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ይህ የለውም።

በዚህ ሙያ የሥራ ማስረጃ የሚባለው ጌሙ ሲያልቅ በስክሪኑ ላይ የሚወርደው የስም ዝርዝር ነው። ጌሙ ሳይወጣ የተሰናበተ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ስሙ ከዚያ ይቀራል፤ ሦስት ዓመት የደከመበትን ሥራ ለሚቀጥለው ቀጣሪ የሚያሳይበት ነገር ያጣል። የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር የስም አሰጣጥ መመሪያ ቢያወጣም ማንንም አያስገድድም። በማይክሮሶፍት ሥር ያለው የዜኒማክስ ሞካሪዎች ማኅበር በ2025 ያጸደቀው የኅብረት ስምምነት ግን ከደመወዝ ጭማሪና ከዘፈቀደ ስንብት መከላከያ ጋር ይህንንም አካቷል፤ የሞካሪዎች ስም በሠሩት ጌም ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ይደነግጋል። ስምምነቱ በጸደቀ በሳምንታት ውስጥ ማይክሮሶፍት ወደ 9,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ የጌም ክፍሉም አልቀረለትም። ማኅበር ቅነሳን አያስቀርም። አባላቱ ግን አሁን የሚጠቅሱት የተፈረመ ወረቀት አላቸው፤ ከአብዛኞቹ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች የተሰናበቱት የሙያ ባልደረቦቻቸው ይህ አልነበራቸውም።