የጣና ነጭ ዓሣ ወንዝ ሲወጣ

በአውሮፓ ትራውት የተባለ ዓሣ በባሕር አድጎ እንቁላሉን ለመጣል ወንዝ ይወጣል። የጎንደር አካባቢ ባሕር ባይኖረውም ተመሳሳይ ጉዞ የሚያደርግ ዓሣ አለው። እርሱም አስጋሪዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት የጣና ዓሣ ነው።

ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች በጣና 15 ያህል ዓይነቶቹን የለዩ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚለየው፣ እዚህ የጠፋ ዓይነት ከሌላ ቦታ መጥቶ አይተካም። ከእነዚህ ቢያንስ 7ቱ የሚራቡት በወንዝ ነው።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ዓሣው በመገጭ፣ በድርማ፣ በርብና በጉማራ አፍ ተሰብስቦ ሽቅብ ይወጣል። እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ባለበት፣ ጥልቀት በሌለውና ጥሩ ውሃ በሚፈስበት ገባር ነው። ውሃው በጠጠሩ መካከል እያለፈ ለእንቁላሉ አየር ያደርስለታል። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ ግን እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

ለአስጋሪው በሐይቁ የተበተነውን ዓሣ ከመፈለግ ይልቅ በወንዝ አፍ የተሰበሰበውን መያዝ ይቀለዋል። የፍልሰታ ጾምም በዚሁ ወቅት ስለሚውል ገበያው ይደራል። ይሁን እንጂ በዚያ መረብ የምትወጣው እንቁላል የተሸከመች እናት ናት። በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር በጣና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በወንዝ የሚራቡት ዓሦች ምርት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ ማደንዘዝም ትልቁንና ጫጩቱን ሳይለይ ይፈጃል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ይበጃል፦

1. ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፍና በወንዝ ውስጥ መረብ እንዳይጣል ማኅበሩ በጠቅላላ ጉባዔው ይወስን፤ ተራ ጠባቂም ይመድብ።
2. አባላት በክረምት ገቢ እንዳያጡ በበጋ ዓሣውን በቋንጣ አድርቆ ማቆየትን ይልመዱ።
3. ብርብራም ሆነ ሌላ መርዝ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከሉ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ለአባላት ያስረዱ።
4. ዓሣ ከሚራባበት ገባር ጠጠርና አሸዋ አይዛቅ። ለመስኖ ወንዝ ሲጠለፍ ዓሣው የሚያልፍበት ውሃ ይተው።
5. በተዳፋት ማሳ ላይ እርከን ይሠራ፤ ለእርሻው አፈር የሚበጀው ሥራ ለዓሣውም ጠጠር ይበጃል።

በጎርጎራ መረብ የሚጥለው አስጋሪና በመገጭ ዳር የሚያርሰው ገበሬ ምናልባት ተገናኝተው አያውቁም። ነገር ግን የአንዱ ሥራ የሌላውን ሲሳይ ይነካል። ሁለቱን በአንድ ስብሰባ ማቀራረብ የልማት ሠራተኛው ፈንታ ነው፤ ስብሰባውም ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ቢደረግ ይመረጣል።