የልብ ረብሻ ጠንሳሽ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የልብ ምት መዛባት የሚያክም ሐኪም ብዙ አማራጭ አልነበረውም። መድኃኒት ያዝዛል፤ መድኃኒቱ እምቢ ካለ ቀዶ ሕክምና አለ። አሜሪካዊው ጄምስ ኮክስ ከ1987 ጀምሮ የልብን የላይኛ ክፍሎች በብዙ ቦታ እየቆረጠ መልሶ ይሰፋቸው ነበር፤ ጠባሳው ለተዛባው የኤሌክትሪክ ሞገድ መንገድ እንዳይሰጠው ነው። ዘዴው ይሠራል። ግን ልቤ ተንፈራገጠብኝ ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ ደረቱ ይከፈት አይባልም።

ሕመሙ ሲነሳ የልብ የላይኛ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 እስከ 600 ጊዜ በሚደርስ ምልክት ይናጣሉ። በዚህ ፍጥነት መኮማተር ስለማይቻል ይርገበገባሉ እንጂ ደም አይገፉም። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ በግራ በኩል ካለችው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ደም ተኝቶ ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል። በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎችን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለው ጥናት በ1991 እንዳሳየው ይህ ሕመም በስትሮክ የመያዝን ዕድል አምስት እጥፍ ገደማ ያሳድጋል። አንዳንዱ ታማሚ ደግሞ ምንም ሳይሰማው ይኖራል።

ፈረንሳዊው የልብ ሐኪም ሚሼል አይሳጌር በቦርዶ ያነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አብዛኛው ተመራማሪ ሞገዱ አንዴ ከተነሳ በኋላ እንዴት እንደሚዞር ሲያጠና፣ እሱና ባልደረቦቹ ረብሻውን ትተው ጠንሳሹን ፈለጉ፤ የመጀመሪያዋ የተዛባች ምት ከየት ትመጣለች?

ፍለጋው ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ሽቦ በብሽሽት ባለው ደም መልስ ቧንቧ አስገብተው ልብ ድረስ ይገፉታል፤ በጫፉ ያሉት ኤሌክትሮዶች ከነካው ቦታ የሚወጣውን ምልክት ስክሪን ላይ ያወጡታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ያለጊዜዋ የምትመጣ ምት ስትከሰት ምልክቱ ከሁሉ ቀድሞ የታየበት ነጥብ መነሻዋ ይሆናል።

መነሻው የተገኘው ብዙዎች ባልጠበቁት ቦታ ነው። በ1998 ባሳተሙት ጥናት በ45 ታማሚዎች ላይ 69 መነሻ ነጥቦችን ለዩ፤ ከእነዚህ 65ቱ ከሳንባ ወደ ልብ ደም በሚያመጡት አራት ቧንቧዎች ውስጥ ነበሩ። የልብ ጡንቻ ወደ ቧንቧዎቹ ትንሽ ገባ ብሎ ይቀጥላልና ምልክት የሚያመነጨው እሱ ነው። ነጥቦቹን በሙቀት ካጠፏቸው በኋላ 28ቱ ታማሚዎች በክትትሉ ወራት ያለ መድኃኒት ከሕመሙ ነፃ ሆነው ቆዩ።

ስኬቱ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ቧንቧው ውስጥ ሲቃጠል የሚጠብባቸው ታማሚዎች ተገኙ፤ ስለዚህ ሐኪሞች ነጥቡን ትተው የቧንቧውን አፍ ዙሪያውን በጠባሳ ወደ ማጠር ዞሩ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሙቀት ፈንታ በአጭር የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕዋሳቱን የሚገድል መሣሪያ ሥራ ላይ ውሏል።

ሕመሙ ለቆየበት ሰው ግን ቧንቧዎቹን ማጠር ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ምክንያቱን በኔዘርላንድስ የማስትሪክት ተመራማሪዎች በ1995 በፍየሎች ላይ አሳይተውት ነበር። የፍየሎቹን ልብ በመሣሪያ ደጋግመው ሲያዛቡት መጀመሪያ ላይ ምቱ ወዲያው ይስተካከላል፤ ቀን በቀን ግን መዛባቱ እየረዘመ ሄዶ በመጨረሻ በራሱ አልመለስ አለ። ልብ መዛባቱን ይለምደዋል ማለት ነው። ሐኪሞች ዛሬ ሕክምናው ቶሎ ይጀመር የሚሉትም ከዚህ የተነሳ ነው።

ኢትዮጵያን በመሰሉ አገሮች ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሪውማቲክ ትኩሳትን አስከትሎ ሚትራል ቫልቭን (ደም ከልብ የግራ የላይኛ ክፍል የሚወጣበትን በር) ያጠብባል፤ ደም መውጫ ያጣው የግራ የላይኛ ክፍል ይለጠጥና ምቱ ይዛባል። በምዕራቡ ዓለም የሽማግሌዎች የሆነው ሕመም እዚህ ጎልማሳውንና ወጣቱን ይይዛል። ለእነዚህ ታማሚዎች በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ ሰዎችን ይዞ በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት አምጥቷል፦ ደም እንዳይረጋ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል የደም ምርመራ ቀጠሮ የማይጠይቀውን ሪቫሮክሳባንን ከወሰዱት ይልቅ፣ እነ ዋርፋሪንን ከወሰዱት በሞት የተነጠቁት ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ የቫልቩ መጥበብ ላለበት ሰው በርካሹ አሮጌ ክኒን መቀጠልና ለደም ምርመራ መመላለስ አሁንም የሚመከር ነው።