የሚሳፈረውና ከጥሻው የሚቀረው እንሽላሊት

ፀሐይ ጠልቃ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ መብራት ሲበራ፣ ብርሃኑ የሰበሰበውን ነፍሳት ለመልቀም ከግድግዳ ስንጥቅ የሚወጣውን ትንሽ እንሽላሊት ያላየ መንገደኛ ጥቂት ነው። ይህ ፍጥረት ከእርሻ ጋር ምን ጉዳይ አለው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጉዳይስ አለው እንላለን።

የግድግዳው እንሽላሊት ጌኮ ከሚባለው ወገን ነው። በጣቶቹ ሥር ባሉት እጅግ ረቂቅ ጠጕሮች እየተጣበቀ ለስላሳውን ግድግዳ ይወጣል። የእንቍላሉ ቅርፊት እንደ ዶሮ እንቍላል ጠንካራ ስለሆነ፣ በሣጥን ጥግ ተወሽቆ ድርቀትን ይችላል። ሆዱ ቢጫ የሆነው አንደኛው ዓይነት ከህንድ አገር በኩል ተነሥቶ በመርከብ ጭነት ወደ ዐረብ ባሕርና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች መዛመቱ ይታወቃል። ለእንዲህ ያለው ተሳፋሪ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ፣ ኋላም አዲሱ መስመር በጅቡቲ በኩል በጥር 2009 ዓ.ም. መመረቁ መንገድ ከፋች ነው። ቲኬት የሚጠይቀው የለም!

ዘመዱ ግን እንዲህ አይደለም። በምሥራቅና በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ፣ እንዲሁም በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ ጥሻ ውስጥ፣ ቦትገር የተባለው የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. ሆሎዳክቲለስ አፍሪካኑስ ብሎ የሰየመው ትንሽ ጌኮ ይኖራል። የሚያጣብቅ ጣት ስለሌለው ግድግዳ አይወጣም። የግድግዳው እንሽላሊት የሚከደን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን በምላሱ እየላሰ ያጠራል፤ ይህኛው ግን እንደ ሰው ዓይኑን ይከድናል። ቀን በጉድጓድ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት በምድር ላይ ቀስ እያለ እየተራመደ ነፍሳትን ያድናል።

ዋናው ልዩነት በእንቍላሉ ላይ ነው። የዚህኛው ልባስ እንደ ብራና ለስላሳ በመሆኑ፣ እርጥበት ያለው ዐፈር ካላገኘ ይደርቃል። ስለዚህ በጭነት መካከል ተሸሽጎ አገር ሊለውጥ አይችልም። ጥሻው ለከሰል ሲመነጠር፣ ወይም ምድሩ በትራክተር ሲገለበጥ፣ የግድግዳው እንሽላሊት ወደ አዲሱ ጎተራ ሲገባ የምድሩ ግን ከነእንቍላሉ ይጠፋል።

ሁለቱም መርዝ የላቸውም፤ በፍርሃት የሚገድላቸው ሰው በከንቱ ይደክማል። አዲስ መሬት የሚያስመነጥሩ ሹማምንትና ገበሬዎችም በእርሻው ዳር የጥሻ መቀነት ቢተዉ፣ የምድሩ ጌኮ ጉድጓዱን አያጣም።