ትእዛዘ ሰንበት፦ የቤተ እስራኤል መጽሐፍና የዕረፍት ጥበብ

በደምብያና በወገራ፣ በሰሜን ተራሮችና በጎንደር ዙሪያ ለብዙ መቶ ዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤል፣ እምነታቸውን በኦሪት ላይ መሥርተው ጸሎታቸውን በግእዝ የሚያደርሱ ሕዝብ ሲሆኑ፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቀጥሎ በታላቅ ክብር ከሚይዟቸው ድርሳናት አንዱ ትእዛዘ ሰንበት ይባላል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰንበት የእግዚአብሔር ልጅ የተባለች ልዕልት ናት፤ መላእክት ያጅቧታል፣ ይሰግዱላታልም፤ እርስዋም በፈጣሪዋ ፊት ቆማ ለሚያከብሯት ታማልዳለች፤ በሲኦል የሚሠቃዩ ነፍሳት እንኳ ስለ እርስዋ ክብር በዕለትዋ ዕረፍት ያገኛሉ።

እንዲህ ያለው አነጋገር ለዕብራውያን መጻሕፍት እንግዳ አይደለም። በመጽሐፈ ምሳሌ 8ኛ ምዕራፍ ጥበብ እንደ ሴት ሆና፣ ዓለም ሳይፈጠር በፈጣሪ ዘንድ እንደ ነበረች ትናገራለች። በ16ኛው መቶ ዘመን በገሊላ በጸፋት ከተማ የኖሩት የአይሁድ ሊቃውንትም ዓርብ ሲመሽ ወደ ሜዳ እየወጡ ሰንበትን እንደ ሙሽራና እንደ ንግሥት ይቀበሏት ነበር። ታልሙድን ሳያውቁ፣ ከወገኖቻቸው በብዙ ምድርና ባሕር ተለይተው የኖሩት የጎንደር ካህናትና መነኮሳት ይህንኑ የሚመስል አሳብ ይዘው መገኘታቸው፣ የአሳቡ ሥር በኦሪት ውስጥ ጥልቅ መሆኑን ያስረዳል።

ያ ሥር በኦሪት ዘጸአት 31ኛ ምዕራፍ ላይ ጎልቶ ይታያል። እግዚአብሔር ባስልኤልን መርጦ፣ ወርቅና ብር፣ ናስና ድንጋይ፣ እንጨትም የሚሠራበትን ጥበብ እንደ ሰጠው ከተነገረ በኋላ፣ በዚያው ምዕራፍ፣ ወዲያው ተከታትሎ፣ የሰንበት ትእዛዝ ይመጣል። የአይሁድ መምህራን ከዚህ ተነሥተው፣ የቅድስት ድንኳን ሥራ እንኳ ሰንበትን ሊሽር እንደማይገባው አስተማሩ፤ በሰንበት የተከለከሉትን 39 ዓይነት ሥራዎችም ከድንኳኑ አሠራር አውጥተው ቈጠሩ። እንግዲህ እጅን ሥራ የምታስተምር ጥበብ፣ እጅ ከሥራው የሚነሣበትን ጊዜም ካላስተማረች ገና ፍጽምት አይደለችም ማለት ነው።

ቤተ እስራኤል ግን የሰንበትን ሥርዓት የተማሩት ከ39ኙ ቍጥር ሳይሆን፣ ሙሉ ቃሉ እስከ ዛሬ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ከሚገኘው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ኩፋሌ በሰንበት እሳት ማንደድን፣ ውኃ መቅዳትን፣ ሸክም መሸከምን፣ መንገድ መሄድን፣ መጾምንም ሳይቀር ይከለክላል። ስለዚህ በየመንደራቸው ዓርብ የመሰናዶ ቀን ነበር፦ ውኃው ይቀዳል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ሰውም ወንዝ ወርዶ ገላውን ያነጻል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም የምድጃው እሳት ፈጽሞ ይጠፋል። በማግሥቱ ሕዝቡ መስጊድ ብለው በሚጠሩት የጸሎት ቤት ተሰብስቦ፣ ቄሱ ኦሪቱን በግእዝ አንብበው ለምእመናኑ በሚገባቸው ቋንቋ ይተረጕሙላቸዋል፤ የመጣውን ዳቦም ባርከው ያካፍሏቸዋል። የሚበላው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ደስታው ግን ሙሉ ነው።

የዚህ ዕረፍት ዋጋ የሚታወቀው ያረፉት ሰዎች ማን እንደ ነበሩ ሲታሰብ ነው። ቤተ እስራኤል በጦርነት ድል እየሆኑ ርስታቸውን ካጡ በኋላ በእጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሕዝብ ሆነው ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ያወጣሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመንም በግንበኝነት አገልግለዋል፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ጎረቤት ሥራቸውን እየፈለገ እነርሱን ግን ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር። ከእጁ በቀር ሀብት የሌለው ሰው በየሳምንቱ ወናፉን አስቀምጦ እሳቱን ሲያጠፋ፣ የሚታመነው በመዶሻው ሳይሆን በፈጣሪው መሆኑን በሥራ መሰከረ። በእኔ አስተያየት፣ ትእዛዘ ሰንበት ያቺን ልዕልት ያን ያህል ከፍ ያደረጋት በዓለም ፊት የተዋረደው ሠራተኛ በእርስዋ ቀን እንደ ንጉሥ ልጅ ስለሚከብር ነው።

የቀዳሚት ሰንበት ፍቅር ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም አልራቀም። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ እርስዋ ብዙ ስደት ከተቀበሉ በኋላ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንድትከበር ተወሰነ።

መጽሐፉን ለውጭ ሊቃውንት ያስተዋወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ቤተ እስራኤልን ሊጎበኝ ወደ አገራችን የመጣው ዮሴፍ ሃሌቪ ሲሆን፣ በ1902 አሳትሞታል፤ ወልፍ ሌስላውም በ1951 ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ከተወሰዱ በኋላ፣ የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ኑሮው በዚያ ሆኗል።

ልዕልቲቱ የተመሰገነችበት ግእዝ ግን የእኛም ነው። ስለዚህ በጎንደር የሚኖር ተማሪም ሆነ በሐዋሳ መናኸሪያ ከሱቁ የማይለይ ነጋዴ፣ ይህን ድርሳን የባዕድ አድርጎ እንዳያልፈው፣ የአገሩ ልጆች የደረሱበት ጥበብ እንደ ሆነም ዐውቆ እንዲያጠናው አደራ እላለሁ።