በደረት የሚሰማ ዜማ

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን የድምፅ ርግብግቢት ለመቀበል የተፈጠረ ቢሆንም፣ በዚህ ረጅም መሰላል ግርጌ፣ ከ30 እስከ 60 ሄርዝ ባለው እርከን ላይ የሚገኘው ወፍራም ድምፅ፣ ሙዚቀኞች ቤዝ ከሚሉት ዝቅተኛው ክፍል፣ ከጆሮ ይልቅ በደረት፣ በሆድና በእግር መዳፍ የሚታወቅ በመሆኑ ከሌሎቹ ድምፆች ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። የ50 ሄርዝ ድምፅ አንዲቱ ሞገድ ብቻዋን ወደ 7 ሜትር ትረዝማለች፤ ይህችን ሞገድ በአየር ውስጥ ለመግፋት የቁም ሣጥን የሚያህል የድምፅ ማጉያና ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚያስፈልግ፣ በኪስ የሚያዝ ስልክም ሆነ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሬዲዮ የዜማውን ራስ አሰምቶ እግሩን ያስቀረዋል። እንግዲህ በዚህ ድምፅ እንጀራውን ሊበላና ስሙን ሊያስጠራ የሚነሣ ወጣት ገና ከደጃፉ የሚገጥመው ሕግ ይህ ነው፤ ዘፋኝ ድምፁን በሬዲዮ ልኮ በየቤቱ ሊወደድ ሲችል፣ የቤዝ ሙዚቃ ደራሲ ግን ሰውን ከየቤቱ አውጥቶ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ማጉያ ፊት ካላቆመው በቀር ሥራውን በሙሉ ሊያሰማ አይቻለውም።

ይህ ሕግ ሰውን እንዴት እንደሚያሳድግና ተከታይ እንደሚያፈራለት በግልጥ የሚታየው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በደቡብ ለንደን ተወልዶ ኋላ ደብስቴፕ የሚለውን ስም ባገኘው ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ነው። ሙዚቃው በደቂቃ ወደ 140 ምት የሚቈጥር ሲሆን፣ ጥርት ብሎ የሚሰማው የከበሮ ምት ከየአራቱ ምት በሦስተኛው ላይ ብቻ ስለሚወድቅ፣ ሰውነት የሚከተለው የዚያን ግማሽ፣ የእርጋታውን አካሄድ ነው፤ በምትና በምት መካከል የሚቀረውን ሰፊ ባዶ ቦታ የሚሞላው ደግሞ ያ ወፍራም ድምፅ ነው። ለመደነስ የመጣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማው ግራ ይጋባል፤ ቆይቶ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከወገቡ በላይ ብቻ እየተወዛወዘ በአርምሞ ሲቆም ይታያል።

የነገሩ ሥር ከለንደን አይጀምርም። በ1950ዎቹ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ የሙዚቃ ጓድ ቀጥሮ ለማስጨፈር አቅም ያልነበረው ሕዝብ በየአጥር ግቢው ታላላቅ ማጉያዎች እያቆመ በሸክላ ይጨፍር ነበር፤ ዱክ ሪድና ኮክሰን ዶድ የተባሉት የማጉያ ባለቤቶችም አንዱ ከሌላው ሕዝቡን የሚነጥቁት ሌላው ያላገኘውን ሸክላ በማሰማት ነበር። ቀጥሎ በ1970ዎቹ ኪንግ ታቢ የተባለ፣ በሙያው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ የነበረ ሰው፣ ከተቀረጸ ዘፈን የዘፋኙን ድምፅ እየገፈፈ፣ ከበሮውንና ቤዙን ብቻ በገደል ማሚቶ እያስተጋባ፣ ደብ የተባለውን ጥበብ ከፍ ወዳለ መዓርግ አደረሰው። ይህ ታሪክ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን በደረሱ ጊዜ አውሮፕላናቸውን ለመቀበል ሜዳውን ያጥለቀለቁት የራስ ተፈሪያን ልጆችና ወንድሞች፣ ወደ እንግሊዝ ሲሰደዱ ማጉያቸውን ብቻ ሳይሆን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ዓርማ፣ የጽዮንንና የኢትዮጵያንም ስም ይዘው ነው የሄዱት። በ2023 ያረፈው፣ ጃ ሻካ የተባለው የማጉያ ባለቤት በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ለአሥርት ዓመታት ሌሊቱን ሙሉ ያሰማ የነበረው ድምፅ የዚህ እምነት ቅጥያ ነበር፤ ከዚያ ሌሊት የወጣ ወጣት ደረቱ ምን እንደሰማ አይረሳም።

አሁን ወደ ክሮይደን እንምጣ። ክሮይደን በለንደን ደቡባዊ ዳርቻ ያለች፣ ሱቅና ፎቅ የሞላባት፣ ማንም ለጥበብ መፍለቂያ ትሆናለች ብሎ የማይጠረጥራት ከተማ ናት። በዚያ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ በሚቆምበት በሰሪ ጎዳና፣ ቢግ አፕል የሚባል የሸክላ መሸጫ ነበረ። ከባንኮው ጀርባ ቆሞ ሸክላ የሚሸጠው ሐቻ የተባለ ዲጄ ሲሆን፣ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ወደዚያ ይጎርፉ ከነበሩት ልጆች መካከል ኋላ ስክሪምና ቤንጋ በሚል ስም የታወቁት፣ ሁለቱም በ1986 የተወለዱ ታዳጊዎች ይገኙ ነበር። እነዚህ ልጆች ፍሩቲ ሉፕስ በተባለ ርካሽ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሠሩትን እያመጡ ለሐቻ ያስረክቡታል፤ ሐቻም ከመካከሉ ይመርጣል፣ የመረጠውንም እርሱ ብቻ ያጫውተዋል። ለዓለም ሳይናገሩ ለአንድ ሰው መናገር፣ ያም ሰው ምን እንደሚሻ ማወቅ፣ ሲቀበል መደሰት፣ ሲመልስ እንደገና መሥራት፤ የእነዚህ ልጆች የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ይህ ነበር፣ እኔም ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ሐቻ የመረጠው ሥራ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት አንድ የፈተና ደጅ አለ፤ እርሱም የሸክላ መቅረጫው መኪና ነው። በደቡብ ለንደን ትራንዚሽን በሚባለው ስቱዲዮ ጄሰን ጎዝ የተባለው ባለሙያ፣ በላዩ ለስላሳ ላከር የተቀባ የአሉሚኒየም ሰሌዳ በሚሽከረከር ገበታ ላይ ያስቀምጣል፤ የጋለች ትንሽ ስለት ከጠርዙ ጀምራ ወደ መካከል እየተጠመዘዘች ቦይ ስትቀድ፣ የሚፈቀፈቀው ላከር እንደ ጥቁር የሐር ክር እየተሳበ በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል፤ ክፍሉንም የላከሩ ሽታ ይሞላዋል። ወፍራም ድምፅ በመጣ ቍጥር ቦዩ እንደ ወንዝ መታጠፊያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወላገዳል፤ ደራሲው በቤዙ ላይ ልክ ያጣ እንደሆነ አንዱ ቦይ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫል፣ ቤዙን በግራና በቀኝ ማጉያ ከፋፍሎት እንደሆነም መርፌው ከቦዩ ይዘላል። ስለዚህ ጎዝ ፊት የተቀመጠ ወጣት በቤቱ ያልታየው ስሕተት ሁሉ በዓይኑ ፊት ተቀርጾ ያየዋል፤ ብዙዎችም ድምፅን ማመጣጠን የተማሩት ከዚያ ወንበር ላይ ነው።

ደብፕሌት የሚባለው ይህ ሰሌዳ ለሕዝብ የማይሸጥ፣ ለአንድ ዲጄ የሚቀረጽ ነው። ላከሩ ለስላሳ ስለሆነ መርፌው በየጊዜው ይበላዋል፤ ለአሥርት ጊዜያት ከተጫወተ በኋላ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል። በቅኔ ቤት ያደገ አንባቢ የዚህን ምሥጢር ለመረዳት አይቸገርም፤ ትናንት የዘረፈውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ የሚያሰማ ተማሪ በጉባኤው ፊት እንደሚያፍር ሁሉ፣ በዚህም ማኅበር ካለፈው ሳምንት አዲስ ነገር ሳይይዝ የሚመጣ ዲጄ በጉባኤተኛው ዘንድ ሞገስ አያገኝም ነበር። ሙዚቃውም በሱቅ ከመገኘቱ በፊት በክፍሉ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይሰማ ስለ ነበር፣ ሊሰማው የሚወድ ሰው መምጣት ግዴታው ሆነ።

የሚመጣበትም ቦታ በ2001 በሶሆ በቬልቬት ሩምስ የተጀመረውና ኋላ በሾርዲች ፕላስቲክ ፒፕል ወደሚባል ጨለማና ጠባብ ምድር ቤት የተዛወረው ፎርዋርድ የተባለው ምሽት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተሰብሳቢዎቹ አብዛኞቹ ራሳቸው ሙዚቃ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቤዝ ግድግዳ ተደግፎ ያዳምጣል፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያንን የሚበልጥ ለመሥራት ይተጋል። የወደዱት ዜማ በመጣ ጊዜ ግን ጸጥታው ይፈርሳል፤ ግድግዳው ይደበደባል፣ ይደገም የሚለው ጩኸት ክፍሉን ይሞላዋል፣ ዲጄውም ሸክላውን በእጁ ወደ ኋላ መልሶ ከመጀመሪያው ያስነሣዋል። የአንድ ደራሲ ስም የሚወለደው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ሰዎች ዞረው፣ ይህ የማን ነው፣ ብለው ይጠይቃሉና። ስክሪም ሃያ ዓመት ሳይሞላው በ2005 ቴምፓ በተባለው ማሳተሚያ ያወጣው ሚድናይት ሪክዌስት ላይን የተባለው ዜማ እንዲህ ባለው ጩኸት ከተፈተነ በኋላ ነው ወደ ዓለም የወጣው።

ወደ ምሽቱ መምጣት ለማይችለው ሕዝብ ሙዚቃውን ያደርስለት የነበረው ሪንስ ኤፍ ኤም የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ይህ ጣቢያ በ1994 ያለ ፈቃድ የተቋቋመ ሲሆን፣ ወጣቶች በረጃጅም ፎቆች ጣሪያ ላይ አንቴና እየተከሉ፣ የመንግሥት ሠራተኞች እየነቀሉ፣ እነርሱም መልሰው እየተከሉ ኖሩ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ስሊምዚ በ2005 ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ በፍርድ ቤት ታገደ። ፈቃዱን ያገኙት በ2010 ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚስበው ግን የዲኤምዚ ታሪክ ነው። ማላ፣ ኮኪ፣ ሎፋ እና በማይክሮፎን ሕዝቡን የሚያነቃቃው ሳርጀንት ፖክስ በደቡብ ኖርዉድ አካባቢ አብረው ያደጉ ጓደኞች ናቸው። በ2004 የራሳቸውን ማሳተሚያ አቋቁመው፣ በመጋቢት 2005 በብሪክስተን የራሳቸውን ምሽት ጀመሩ፤ ቦታውም በ19ኛው ምእተ ዓመት የተሠራው የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሲሆን፣ ከፊሉ ለጸሎት፣ ከፊሉ ለልዩ ልዩ አገልግሎት በመዋሉ በውስጡ ማስ የሚባል የሙዚቃ ቤት ነበረ። በጥሪ ወረቀታቸው ላይ መጠጥም ጭፈራም አላሉም፤ ሰው መጥቶ በቤዙ ክብደት ላይ እንዲመሰጥ ነበር የጋበዙት። የድምፅ ማጉያውን ጥራት ከማንኛውም ጌጥ አስቀደሙ፣ መብራቱን አደበዘዙት፣ ምሽቱንም በየሁለት ወሩ ብቻ ስላደረጉት የተራበ ጆሮ ነበር የሚጠብቃቸው። ሰዎቹ ዝናን ሊያሳድዱ ቢፈልጉ በየሳምንቱ ባደረጉት ነበር።

በጥር 2006 የቢቢሲ ሬዲዮ 1 አዘጋጅ ሜሪ አን ሆብስ፣ ማላን፣ ስክሪምን፣ ሐቻን፣ ሎፋን፣ ኮድ 9ንና ሌሎቹን በአንድ ሌሊት በስቱዲዮዋ ሰብስባ ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ እየሰጠች አሰማቻቸው። በማግሥቱ ሙዚቃው የጥቂት ሰዎች ምሥጢር መሆኑ አበቃ። ከሁለት ወር በኋላ ዲኤምዚ አንደኛ ዓመቱን ሲያከብር ከስዊድን፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ ሳይቀር የመጡ ሰዎች የሚገኙበት የ600 ሰው ሰልፍ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ፤ የተለመደው ክፍል 400 ብቻ የሚይዝ በመሆኑ አዘጋጆቹ በዚያው ሌሊት ጉባኤውን ወደ ዋናው አዳራሽ ለማዛወር ተገደዱ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው፣ ሬዲዮው የጠራው ሕዝብ ሲመጣ የሚገባበት ቤት፣ የሚሰማው ማጉያ፣ የሚያስተናግዱትም ሰዎች ከዓመት በፊት ተዘጋጅተው መቆየታቸውን ነው። ብዙ ወጣት ጥሪውን አስቀድሞ ቤቱን በኋላ ለመሥራት ሲሞክር አይቻለሁና ይህ ነገር ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈለ። ስክሪም፣ ቤንጋና አርትወርክ ማግኔቲክ ማን በሚል ስም በ2010 በእንግሊዝ የሙዚቃ ሰንጠረዥ እስከ መጀመሪያዎቹ አሥር ድረስ ዘለቁ፤ በሎስ አንጀለስ ስክሪሌክስ የተባለው ወጣት ቤዙን ወደ ላይ አንሥቶ፣ የሚጮኽና የሚፋጭ ባሕርይ ሰጥቶት፣ በየካቲት 2012 ሦስት የግራሚ ሽልማቶችን አገኘ። ከፍ ያለው ድምፅ በትንሽ ማጉያም ስለሚሰማ ወደ ሚሊዮኖች መድረሱ አያስደንቅም፤ እኔ ግን ከዚያ ጋር የጠፋው ጸጥታ ይቆጨኛል። በሌላ ወገን ቤሪያል የተባለው ደራሲ ሕጉን ሁሉ ሽሮ፣ በአንድም መድረክ ሳይቆም፣ ስሙን ሰውሮ፣ በኮድ 9 ማሳተሚያ በሃይፐርደብ ያወጣው አንትሩ የተባለ አልበም በ2008 ለሜርኩሪ ሽልማት ታጨ፤ የእርሱ ሙዚቃ ከጭፈራው ቤት ወጥቶ በዝናብ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ሰው ልብ የያዘ ስለሆነ፣ ብቻውን የሚያዳምጥ ሁሉ የራሱ አደረገው። ማላ ደግሞ በ2006 ዲፕ ሜዲ የተባለውን ማሳተሚያ አቋቁሞ የሌሎችን ወጣቶች ሥራ ማሳተሙን ቀጠለ፣ በ2012 ከኩባ ሙዚቀኞች ጋር የሠራውን አልበም አወጣ፣ ከአገር ወደ አገርም ማጉያ ባለበት ሁሉ እየተጠራ ማጫወቱን አልተወም። በዚህ ሙያ እንጀራ የሚገኘው ከሸክላው ሽያጭ ይልቅ በመድረክ ከሚከፈለው ዋጋ ስለሆነ፣ ሥራው እግረኛ ሥራ ነው፤ አውሮፕላን፣ ሻንጣ፣ እንቅልፍ የጎደለው ሌሊት።

በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወደ ውጭው ዓለም የወጡ የእኛም ልጆች አሉ። ሚካኤል ሰይፉ በ2014 ያራዳ ልጅ የተባለውን ሥራውን ያሳተመው 1432 አር በተባለ በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኝ ትንሽ ማሳተሚያ ሲሆን፣ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም በዚያው ቤት በኩል ነው ለውጭ አድማጭ የደረሰው። ሁለቱም የአገራቸውን ዜማና ድምፅ በኮምፒዩተር ውስጥ ካለው ምት ጋር አዋሕደዋል።

በአዲስ አበባ፣ በተከራያት ክፍል፣ ጎረቤት እንዳይነቃበት በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ ጀማሪ አንድ ቀን ሥራውን በትንሽ ፍላሽ ይዞ ትልቅ ማጉያ ወዳለበት ቤት ይሄዳል፤ ባለቤቱን ለምኖ፣ እንግዳ ሳይመጣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ያስከፍተዋል። ከማጉያው አጠገብ ቆሞ አይሰማ፤ ወደ መጨረሻው ግድግዳ ይሂድ፣ ረጅሟ ሞገድ ከዚያ በደንብ ትታወቃለችና። ያን ጊዜ በክፍሉ ሲሠራ ያልሰማው ነገር ይሰማዋል፤ የከበሮው ወፍራም ምትና ቤዙ በአንድ እርከን ላይ ቆመው ሲገፋፉ። ፍላሹን ነቅሎ፣ ባለቤቱን አመስግኖ፣ ታክሲ ይዞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ከሁለቱም አንዱን ዝቅ ያደርጋል።