ከእኔ ጋር ለምትሠሩ

ቲማችን ውስጥ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር በቃል የምደጋግመውን አንዴ ጽፌ ልገላገል። የምመራው የክፍያ ሲስተም የሚሠራ ቲም ነው። ሌላ ቦታ የምትሠሩም አንብቡት፤ አለቆቻችሁን ለመታዘብ ይጠቅማችኋል።

ከሁሉም በፊት የምፈልገው መጥፎ ዜና ሳይውል ሳያድር እንዲደርሰኝ ነው። የሥራ መዘግየት አያስቆጣኝም። መዘግየቱን በማስረከቢያው ዋዜማ ስሰማ ግን እቆጣለሁ፤ ፊቴም መደበቅ አይችልበትም። ሰኞ ብሰማ ሥራውን መቀነስ፣ ደንበኛውን ማነጋገር ወይም ቀኑን መግፋት እችላለሁ። ሐሙስ ማታ ከሰማሁ የሚቀረኝ ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ነው።

እኛ አገር ስብሰባ ላይ ሁሉም ይስማማል። "በሁለት ሳምንት ያልቃል?" ሲባል ራስ ይነቀነቃል፤ እውነቱ የሚወጣው ከስብሰባው በኋላ ማኪያቶ ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ እኔን የሚጠራኝ የለም። አለቃን ፊት ለፊት አይሆንም ማለት እንደ ድፍረት ሲቆጠር ያደግን ሰዎች ስለሆንን በማንም አልፈርድም። አሠራሩን ግን ቀይሬዋለሁ። የጊዜ ግምት ስጠይቅ መጀመሪያ የሚናገረው ጁኒየሩ ነው፤ ሲኒየሮቹ ይከተላሉ፤ እኔ መጨረሻ ላይ ነኝ። ትልቅ ሰው አንዴ ቁጥር ከጠራ ከሱ የራቀ ቁጥር የሚጠራ አይገኝም። አንቱታውንም ተዉት። (አሁንም "ኢንጂነር" እያላችሁ የምትጠሩኝ ሁለት ሰዎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ።)

ሥራ ሲዘገይ ከላይ "ሰው እንጨምርላችሁ" የሚል ደግ ሐሳብ ይመጣል። ፍሬድ ብሩክስ የአይቢኤምን ኦኤስ 360 ሥራ ከመራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጽፏል። አዲሱን የሚያስተምረው ያው ሥራው የተደራረበበት ሰው ነው፤ እርስ በርስ መነጋገር ያለበትም ይበዛል። ስለዚህ እኔ ሰው ከመጨመር ይልቅ ሥራ እቀንሳለሁ። የቱ ቢቀር እንደማይጎዳ የምትነግሩኝ ግን እናንተ ናችሁ።

ፕሮዳክሽን ላይ ስለሚደርስ ጥፋት ትንሽ ልዘርዝር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የደረሰበትን ለአዲስ ሰው ሁሉ እነግራለሁ። አንድ ኢንጂነር የዳታቤዙ ቅጂ ከዋናው ጋር አልመሳሰል ብሎት ሲታገል አመሸና፣ ቅጂው ያለበትን ሰርቨር ያጸዳ መስሎት ዋናውን መደምሰስ ጀመረ። ቶሎ ቢነቃም ወደ 300 ጊጋባይት ከሚሆነው ዳታ የተረፈው ጥቂት ነበር። ወደ ባክአፕ ሲዞሩ የባሰ ነገር ጠበቃቸው። በየጊዜው ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ በቨርዥን አለመጣጣም ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ተቀባዩ ጋ አይደርስም ነበር። ያዳናቸው ያው ኢንጂነር ከአደጋው ስድስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ኩባንያው ዳታውን ለመመለስ ሲሠራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፤ በኋላ ባወጣው ሪፖርት የሰውየውን ስም አልጠቀሰም፤ ከሥራም አላባረረውም።

እኔም እንደዚያው ነው የምሠራው። ሲስተም ሲወድቅ መጀመሪያ ይነሣል። ከዚያ በዚያው ሳምንት ቁጭ ብለን የሆነውን በሰዓት በሰዓቱ እንጽፋለን፤ የሰው ስም አይገባበትም። ሰነዱ ላይ "ለወደፊቱ ጥንቃቄ ይደረጋል" የሚል ካየሁ እመልሰዋለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጠንቃቃ የሆነ ሰው አላውቅም። አንድ የደከመ ሰው በአንዲት ትእዛዝ ዋናውን ዳታቤዝ መደምሰስ የቻለው ለምንድን ነው? መልሱ እዚያ ውስጥ ካልተገኘ ሰነዱ አላለቀም። ባክአፕም ተመልሶ ሲነሣ እስካላየነው ድረስ ባክአፕ አልለውም፤ በተራ በተራ እንሞክረዋለን፣ ተራው እኔንም ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ሲባል የማልታገሠው አንድ ነገር አለ፤ መደበቅ። ሎግ አጥፍቶ "እኔ ስገባ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት" ያለ ሰው ከእኛ ጋር አይቀጥልም።

ኮድ ሪቪው ላይ ታላቅ ወንድሙ የሚሆነውን ሰው ማረም የሚከብደው ልጅ አለ። እኛ ጋ የጁኒየር አስተያየት የሌለበት ትልቅ ለውጥ ወደ ፕሮዳክሽን አይገባም፤ ቢያንስ "ይህ አልገባኝም" ብሎ መጻፍ ይችላል። ካልገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኮዱ ነው። በኤአይ ያስጻፋችሁትም ያው የእናንተ ነው፤ መስመሩን ማስረዳት ካልቻላችሁ አታስገቡት።

ተጠቃሚውን እወቁት። የኛን ዓመት ለማግኘት ከፈረንጁ ላይ ስምንት የሚቀንስ ኮድ አሁንም ያጋጥመኛል፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ ሰባት ነው። ጳጉሜን 6ንም የማይቀበል ፎርም አይቻለሁ። በ2015 መጨረሻ መጥታ ነበር፤ በ2019 መጨረሻ ትመለሳለች፤ ያኔ የደንበኛ ስልክ የምታነሡት እናንተ ናችሁ። "ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈል" ያለ ሰው ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ እንደሚቆጥር፣ ጠዋት ማለቱ እንደሆነም ለውጭ ላይብረሪ የሚነግረው ሌላ ማንም የለም።

በየሳምንቱ ከእያንዳንዳችሁ ጋር ለብቻ የምንቀመጥባት ግማሽ ሰዓት የእናንተ ናት። የኢንቴሉ አንዲ ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው መጽሐፉ ይህን ስብሰባ የሠራተኛው አድርጎ እንዲያየው አለቃውን መክሯል፤ እኔም ተቀብዬዋለሁ። "የት ደረሰ?" አልላችሁም፣ እሱን ቦርዱ ላይ አያለሁ። ደመወዝ፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር ያለ ቅሬታ፣ ሌላ ቦታ ያገኛችሁት ሥራ ሁሉ ይነሣል። የደመወዙን ለመወሰን ሥልጣኔ ውስን ነው፤ ጥያቄውን ወስጄ መልስ ይዤ መምጣት ግን ግዴታዬ ነው።

ማታ ቴሌግራም ላይ ብጽፍላችሁ ጠዋት መልሱ። የሌሊት ተራ የያዘ ሰው ብቻ ነው የሚደወልለት፤ በማግሥቱም አርፍዶ ይገባል። ዓርብ ከሰዓትና የበዓል ዋዜማ ዴፕሎይ የለም፤ ሰው ለበግና ለዶሮ ገንዘብ በሚላላክበት ሰዓት ሲስተም መንካት አልፈቅድም።

ሥራ እየፈለጋችሁ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ላሳስብ። ኢንተርቪው መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለህ?" ስትባሉ ዝም አትበሉ። ባለፈው ሲስተማቸው የወደቀ ጊዜ ምን እንደተደረገ ጠይቁ። አለቃው የተስተካከለውን ነገር ከነገራችሁ ግቡ፤ የአንድ ሰው ስም ከጠራላችሁ ሌላ ቦታ አመልክቱ።