የጤና መድን ደብተርና የመድኃኒት ቤቱ መስኮት

ገጠር ውስጥ ከባድ ህመም ቤት ሲገባ መጀመሪያ ገበያ የሚወጣው ከብት ነው። ወይፈኑ ይሸጣል፤ ካልበቃ መሬቱ ይከራያል፤ እሱም ካልሆነ አራጣ አለ። ከተማ ላይ ደግሞ የአንገት ወርቅ ይሸጣል፣ ዘመድ አዝማድ ይለመናል። በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ ያህሉ ታማሚው በዚያው በታመመበት ሰዓት ከኪሱ የሚከፍለው ነው። ገንዘብ ለማግኘት በጣም የሚቸግረውም ያኔ ነው፤ የሚያርሰው ሰው ተኝቷል፣ የምታስታምመውም ከሥራ ቀርታለች።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የመጣው ይህን ለመቀየር ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት በደንብ ቁጥር 191/2003 የጤና መድን ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ የዛሬ ስሙ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ነው። ከዚያ በፊት ሰው ወይ ይከፍል፣ ወይ ከቀበሌ የነጻ ህክምና ደብዳቤ ያጽፍ፣ ወይ ቤቱ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር።

አሠራሩ ለእድርተኛ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ደህና ሳሉ ያዋጣሉ፣ የቸገረው ይወስዳል፤ ልዩነቱ እድር በአብዛኛው የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ መኸር ገብቶ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር ይካሄዳል። አባወራው ወይም እማወራዋ ቀበሌ ሄደው የዓመቱን መዋጮ ከፍለው ደብተር ይወስዳሉ። የሚመዘገበው ቤተሰቡ በሙሉ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ተጨማሪ ይከፈላል። መክፈል የማይችሉ የድሃ ድሃዎችን ማኅበረሰቡ ራሱ ለይቶ ያቀርባል፤ መዋጯቸውንም ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል። የፌዴራል መንግሥት በሙከራው ወቅት በተሰበሰበው መዋጮ ላይ 25 በመቶ ይጨምር ነበር፤ ኋላ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ብሏል።

ቤተሰቡ ለምን በሙሉ ይመዘገባል? ምርጫው ለእያንዳንዱ ሰው ቢተው አባት ስኳር ያለባትን እናት ብቻ አስመዝግቦ ጤነኞቹን ይተዋል። ሁሉም ቤት እንዲህ ካደረገ የሚያዋጣው ጥቂት፣ የሚታከመው ብዙ ይሆንና ገንዘቡ ዓመት ሳይሞላው ያልቃል። የመድን ነገር ሁሉ የቆመው ዛሬ ያልታመመው ሰው ለታመመው በማዋጣቱ ላይ ነው።

የታመመ አባል መጀመሪያ የሚሄደው ጤና ጣቢያ ነው። ከአቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ሪፈር ሳይዝ በራሱ ሆስፒታል የሄደ አባል ከወጪው ግማሹን እንዲሸፍን የሚያደርግ ደንብም አለ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ቀዶ ህክምና አይካተቱም። የተኝቶ ህክምና፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅና ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን ይካተታሉ። ጤና ጣቢያው ያከመበትን ሒሳብ አወራርዶ ለወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ያቀርባል፤ ጽሕፈት ቤቱም አጣርቶ ይከፍላል።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። በሙከራ ወረዳዎቹ የተደረጉ ጥናቶች አባላት አባል ካልሆኑት ይልቅ ደጋግመው ጤና ተቋም እንደሚሄዱ አሳይተዋል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተጠየቁት ሴቶችና ወንዶች ከመቶ 95 ያህሉ ምንም ዓይነት የጤና መድን አልነበራቸውም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የዚሁ ጥናት አነስተኛ ዙር ግን ከአገሪቱ ቤተሰቦች ሩብ ያህሉ የማኅበረሰብ አቀፍ መድን አባል ሆነው ተገኝተዋል። በሦስት ዓመት ይህን ያህል ቤት መድረስ በቀበሌ ሠራተኞችና በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ልፋት የመጣ ስለሆነ ምስጋናው ለእነሱ ይገባል።

ክርክሩ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚነሳውም ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ነው። አባሉ ካርድ ክፍል ያለ ክፍያ ያልፋል፣ ሐኪም ያየዋል፣ ደሙ ይመረመራል። መድኃኒት ለመውሰድ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። የውጭው መድኃኒት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ደብተር አይቀበልም፣ ጥሬ ብር ይፈልጋል። መዋጮውን በከፈለ ማግስት ኪሱን የሚዳብስ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን ባያሳድስ ማን ይፈርድበታል? በሙከራው ዘመን ከተመዘገቡት ቤተሰቦች ከአምስት አንድ የሚጠጋው አቋርጦ ነበር።

መድኃኒቱ የሚጠፋው በአንድ ምክንያት አይደለም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ፣ የአቅርቦቱ ሰንሰለት ረጅም ነው። ከመድኑ ከራሱ የሚመጣ ምክንያትም አለ። መዋጮው ለዓመታት ባለበት ሲቆይ የመድኃኒት ዋጋ ጨመረ። ገንዘቡ ደግሞ የሚጠራቀመው በአብዛኛው በየወረዳው ለየብቻ ስለሆነ ወባ የበረታበት ወይም ሆስፒታል አጠገቡ ያለ ወረዳ ቶሎ ይከስራል። የከሰረ ወረዳ ለጤና ጣቢያው ክፍያ ያዘገያል፤ ያልተከፈለው ጤና ጣቢያ መድኃኒት መግዣ ያጣል፤ አባሉም እዚያው መስኮት ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። «ሕዝቡ ግንዛቤ ስለሌለው አያሳድስም» የሚለውን የስብሰባ ንግግር የማልቀበለው ለዚህ ነው። ሕዝቡ በሚገባ ተገንዝቧል።

ታዲያ ገንዘቡን ማን ይጨምርበት? ለእኔ የክርክሩ እምብርት ይህ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ደመወዝተኛውን በግዴታ የሚያቅፍ ነበር። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ሥራ ላይ መዋሉ ግን ከዓመት ዓመት ሲራዘም ኖረ። ሠራተኛው ያነሳው ቅሬታ መሠረት የሌለው አይደለም። ደመወዙ ኑሮውን አልቻለውም፤ ከእሱ ላይ ተቆርጦ የሚሰጠው ህክምና ደግሞ ያው ሰልፉ የረዘመ፣ መድኃኒቱ የጠፋበት ተቋም ነው። ነገር ግን ደመወዝተኛው ውጭ ሲቀር ድሃ ገበሬ ለድሃ ገበሬ ብቻ እያዋጣ ይኖራል፤ የተሻለ ገቢ ያለው ትከሻውን ሳያስገባ ሸክሙ አይቀልም።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ አልፈዋል። ሩዋንዳ መዋጮውን በኑሮ ደረጃ ከፋፍላ ሀብታሙን አብልጣ አስከፈለች፤ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2015 ደግሞ የማኅበረሰብ መድኑን አስተዳደር ለአንድ አገር አቀፍ የማኅበራዊ ዋስትና ቦርድ ሰጠች። ጋና በ2003 ባወጣችው ሕግ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር የሚሰበሰብ 2.5 በመቶ ለጤና መድን መደበች፤ ሸማቹ ሁሉ ሲገዛ ያዋጣል። ሁለቱም ችግር አላጡም፤ የጋና ሆስፒታሎችም ክፍያ ዘገየብን ይላሉ። ግን ሁለቱም የተረዱት ነገር አለ፦ ከድሃ ገበሬ መዋጮ ብቻ የአንድ አገር ህክምና አይሸፈንም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የወረዳ ቋቶች ቢያንስ በክልል ደረጃ ይቀላቀሉ፤ መዋጮው እንደ አቅም ይሁን፤ ደመወዝተኛውም ይግባ። ከእሱ በፊት ግን ለጤና ጣቢያዎች የሚከፈለው ገንዘብ በጊዜው ይከፈል፤ መድኃኒት ከጠፋም አባሉ ከውጭ የገዛበትን ደረሰኝ አምጥቶ ሳይጉላላ ገንዘቡ ይመለስለት። ይህ ሳይስተካከል አባል መቁጠር ብቻ ቁጥር ያሳድጋል እንጂ ሰው አያድንም።

አንባቢ ሆይ፣ አባል ከሆኑ ደብተሩን ያሳድሱ፤ ከተመዘገቡ ወዲያም ዝም አይበሉ። መድኑ በወረዳ ደረጃ ቦርድና የአባላት ተወካዮች ያሉበት ጠቅላላ ጉባኤ አለው። ተወካይዎን ያግኙና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ዘንድሮ የተሰበሰበው ገንዘብ የት ገባ? በጤና ጣቢያችን የጠፉት መድኃኒቶችስ የትኞቹ ናቸው?